ከሬሳ ሣጥን ወደ ቃሬዛ፦ የትሪኒታ ቡጢ ለምን ያስቃል?

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ እኔና ሦስት ጓደኞቼ የ15 ደቂቃ ኮሜዲ እየሠራን ነው። መጨረሻው ላይ ትልቅ ድብድብ አለ። ሁለት ጊዜ ቀረጽነው፤ ሰው ሲያየው ግን ይሰቀቃል እንጂ አይስቅም። አባቴ በወጣትነቱ ፒያሳ ሲኒማ ገብቶ ያያቸውን የቴረንስ ሂልና የባድ ስፔንሰር ካቦይ ፊልሞች ባነሳ ቁጥር እስካሁን ብቻውን ይስቃል። እነዚያ ጣልያኖች ቡጢውን እንዴት ነበር የሚያስቁት?»

ወንድሜ፣ አባትህ ጥሩ አስተማሪ ነው። እሱ የሚያነሳቸው ፊልሞች ብዙ ናቸው። ለአንተ ጥያቄ ግን አንዱን ብቻ ይዘን ብንቀመጥ ይበቃናል። እሱም እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ ጣልያን ውስጥ ለእይታ የበቃው «ትሪኒታ ብለው ይጠሩት ነበር» ነው። እኔ ሙያዬ ኤዲቲንግ ነው። ይህን ፊልም መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው እየሳቅኩ አየሁት። በኋላ ድምፁን አጥፍቼ፣ ሾት በሾት እያቆምኩ አየሁት። ያኔ ነው የገባኝ። የእናንተም ችግር ቡጢው ላይ ያለ አይመስለኝም። ከቡጢው በፊትና ከቡጢው በኋላ ባለው ጊዜ ላይ ነው።

ነገሩ ከሠራው ሰው ይጀምራል። ዳይሬክተሩ ኤንዞ ባርቦኒ ይባላል። በፊልሙ ላይ የተጻፈው ስም ግን ኢ. ቢ. ክላቸር ነው። ያኔ የጣልያን ካቦይ ፊልም ሠሪዎች ሥራቸው የአሜሪካ እንዲመስል የእንግሊዝኛ ስም ማውጣት ልማዳቸው ነበር። ባርቦኒ ከኮሜዲ ሠፈር የመጣ ሰው አልነበረም። ካሜራማን ነበር፤ ያውም የከባድ ካቦይ ፊልሞች ካሜራማን። በ1966 የወጣውን የሰርጂዮ ኮርቡቺን «ጃንጎ» የቀረጸው እሱ ነው። ጃንጎን አባትህ ያውቀዋል። ሬሳ ሣጥን በጭቃ ውስጥ እየጎተተ የሚመጣው ሰውዬ ነው። ፊልሙ በጭካኔው ምክንያት እንግሊዝ አገር እስከ 1993 ድረስ ፈቃድ ተከልክሎ ቆይቷል።

አሁን የሁለቱን ፊልሞች መጀመሪያ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ጃንጎ ሲጀምር አንድ ሰው በእግሩ እየሄደ ሬሳ ሣጥን ይጎትታል። ትሪኒታ ሲጀምር ፈረስ በምድረ በዳ ቃሬዛ ይጎትታል። ቃሬዛው ላይ አንድ ሰው ተጋድሞ እንቅልፉን ይለጥጣል። አቧራ ለብሷል፣ ልብሱ ተቀዳዷል፣ ሽጉጡ አጠገቡ ነው። ፈረሱ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። ሁለቱንም ያየው የአንድ ሰው ዓይን ነው፤ አንዱን በካሜራማንነት፣ ሌላውን በዳይሬክተርነት። ሬሳ ሣጥኑ በነበረበት ቦታ አልጋ መጣ። እኔ የፊልሙ ሙሉ ሐሳብ እዚህች ላይ ያለ ይመስለኛል። ካቦይ ፊልም በሞት የሚሄድ ነገር ነበር። ባርቦኒ ሞቱን አወጣና በቦታው እንቅልፍና ረሃብ አስገባ። ሌላውን ሁሉ እንደነበረ ተወው።

ይህን ስክሪፕት ይዞ ብዙ ፕሮዲውሰር ጋ ዞሯል። አልተቀበሉትም። ወሬ በዝቶበታል፣ የሚሞተው ሰው አንሷል አሉት። በመጨረሻ የተቀበለው ኢታሎ ዚንጋሬሊ ነው። ባርቦኒ የዚንጋሬሊን አንድ ፊልም በካሜራማንነት ሠርቶለት ስለነበር ሁለቱ ይተዋወቁ ነበር።

«አስቂኝ ካቦይማ ከዚያ በፊትም ነበር» የሚልህ ሰው ካለ እውነቱን ነው። ፍራንኮ ፍራንኪና ቺቾ ኢንግራሲያ የተባሉ ሁለት የሲሲሊ ኮሜዲያኖች ከ1964 ጀምሮ በካቦይ ፊልም ላይ የሚቀልዱ ፊልሞችን ሠርተዋል። ልዩነቱን ግን ልብ በል። የእነሱ ቀልድ የታወቀ ፊልም አንስቶ መኮረጅና ማጣመም ነበር። ዋናውን ፊልም ካላየህ ቀልዱ ግማሹ ያመልጥሃል። ትሪኒታን ለመሳቅ ግን ሌላ ምንም ማየት አያስፈልግህም። ከተማው የእውነት ከተማ ነው። ክፉው ሻለቃ ሃሪማን የእውነት ክፉ ነው። የሚጫወተው ፋርሊ ግሬንጀር የሚባል የሆሊዉድ ተዋናይ ነው፤ ከታዋቂው ዳይሬክተር ከሂችኮክ ጋ ሁለት ፊልም የሠራ። እሱ አንድም ጊዜ ቀልደኛ ለመሆን አይሞክርም። ሳቁ የሚመጣው እንደዚህ ኮስተር ባለ ዓለም ውስጥ አንድ ሰነፍና አንድ ብስጩ ሰው ሲገቡ ነው።

ታሪኩን ካላየኸው በሁለት ቃል ልንገርህ። ትሪኒታ «የዲያብሎስ ቀኝ እጅ» የሚባል ፈጣን ተኳሽ ነው። ወንድሙ ባምቢኖ ደግሞ «የዲያብሎስ ግራ እጅ»። ባምቢኖ የፈረስ ሌባ ሆኖ ሳለ ሸሪፍ ነኝ ብሎ አንድ ከተማ ተቀምጧል፤ ወንድሙ ሲመጣበት ሥራው ይበላሻል። እዚያው አካባቢ ሞርሞን የሚባል የአሜሪካ ሃይማኖት ተከታይ የሆኑ ሰላማዊ ገበሬዎች ሰፍረዋል። ሻለቃው ለፈረሶቹ ግጦሽ ብሎ መሬታቸውን ይፈልጋል። ወንድማማቾቹ ሳይወዱ በግድ የገበሬዎቹ ጠባቂ ይሆናሉ። ስሞቹን ደግሞ ተመልከት። ትሪኒታ በጣልያንኛ ሥላሴ ማለት ነው። ባምቢኖ ደግሞ ሕፃን። ሕፃን የተባለው ያ ተራራ የሚያክለው ባድ ስፔንሰር ነው።

ተዋናዮቹ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለድብድቡ ወሳኝ ነገር አለበትና። ቴረንስ ሂል እውነተኛ ስሙ ማሪዮ ጂሮቲ ነው፤ ቬኒስ ነው የተወለደው። ባድ ስፔንሰር ደግሞ ካርሎ ፔደርሶሊ፣ የኔፕልስ ልጅ። ስሙን ያወጣው ባድዋይዘር ከሚባለው ቢራና ከሚወደው ተዋናይ ከስፔንሰር ትሬሲ ነው። ሁለቱም ዋናተኞች ነበሩ፤ አንድ የሮም ክለብ ውስጥ ዋኝተዋል። ስፔንሰር በ1950 መቶ ሜትር ነፃ ቀዘፋን ከአንድ ደቂቃ በታች የዋኘ የመጀመሪያው ጣልያናዊ ነው። በ1952 ሄልሲንኪ፣ በ1956 ደግሞ ሜልቦርን ኦሎምፒክ ተወዳድሯል። ይህን የምነግርህ እንዲሁ ለወሬ አይደለም። ዋናተኛ ትንፋሹንና ሰውነቱን ያዛል። የት ቆሞ የት እንደሚዞር ያውቃል። ባድ ስፔንሰር ያን ሁሉ ኪሎ ይዞ ሲንቀሳቀስ አንዲት የምትባክን እርምጃ አታይበትም። ሂል ደግሞ እንደ ድመት ነው። ሁለቱ ከ1967 ጀምሮ በዳይሬክተር ጁሴፔ ኮሊዚ ፊልሞች አብረው ሠርተዋል፤ እነዚያ ከቀልድ ይልቅ ወደ ኮስታራው ያደሉ ነበሩ። ስለዚህ ትሪኒታ ላይ ሲደርሱ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ቦሎቄው ትዕይንት እንሂድ። ብዙ ሰው ከፊልሙ የሚያስታውሰው እሱን ነው፤ ጥያቄህንም የሚመልሰው እሱ ነው።

ትሪኒታ ከቃሬዛው ይነሳና አንድ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ይገባል። ውስጥ ተፈላጊ ወንጀለኛ እየያዙ ሽልማት የሚቀበሉ ሁለት አዳኞች አሉ፤ አንድ የቆሰለ ሜክሲኳዊ ይዘዋል። ትሪኒታ ምግብ ይጠይቃል። ቦሎቄ ይመጣለታል። እሱ ግን ዐይኑ የሚያርፈው መጥበሻው ላይ ነው። ከዚያ ይበላል። ይበላል። ዳቦ ይቆርሳል፣ ይጎርሳል፣ ገና ሳይውጥ ሌላ ይጨምራል። ማንም ምንም አይልም። ሁለቱ ሰዎች ያዩታል። ካሜራው እነሱን ያሳየናል፣ ተመልሶ እሱን ያሳየናል፤ አሁንም እየበላ ነው። ሂል ለዚያ ቀረጻ ብሎ ቀደም አድርጎ ምግብ እንዳልቀመሰ ተናግሯል። አይቶ ማመን ነው። እንደዚያ የሚበላ ሰው ጠግቦ የመጣ ሰው አይደለም።

አስተውል፤ እዚህ ትዕይንት ውስጥ አንድም ቀልድ አልተነገረም። አንድ ሰው ምሳውን በላ፣ በቃ። ግን ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አስበው። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ሁለት ጉርሻ አሳይቶ ይቆርጠው ነበር። ባርቦኒ አልቆረጠም። የካቦይ ፊልም ተመልካች እንደዚህ ያለ ረጅም ዝምታ ሲያይ ተኩስ ይመጣል ብሎ ነው የሚጠብቀው። ያ ውጥረት እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ የሚመጣው ግን ሌላ ጉርሻ ነው። ተኩሱ በስተመጨረሻ ሲመጣም ለዓይን ጥቅሻ ነው። ሂል ዞሮ እንኳን ሳያይ ይተኩሳል፣ ያልቃል። ትልቁ ጊዜ ለቦሎቄው ተሰጠ፣ ትንሹ ለሽጉጡ።

ረሃብ በጣልያን ኮሜዲ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። በድሮው የአደባባይ ቲያትራቸው አርለኪኖ የሚባለው አሽከር ሁልጊዜ የራበው ነው። በ1954 ቶቶ የሚባለው ታላቅ ኮሜዲያናቸው በአንድ ፊልም ላይ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ስፓጌቲ በኪሱ ሲጠቀጥቅ አገር አስቋል። ባርቦኒ የገዛ አገሩን የቆየ ሳቅ አንስቶ ባርኔጣ አጠለቀለት። የእኔ እምነት ይህ ነው፤ ፊልሙ የአሜሪካ ልብስ ለብሶ በሆዱ ግን ጣልያናዊ ስለሆነ ነው የሠራው።

እንግዲህ ቡጢው። በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ጥቂት ጥይት ይተኮሳል፣ የሚሞትም ሰው አለ። እየገፋ ሲሄድ ግን ሽጉጡ ቦታ እየለቀቀ ቡጢ ይገባል። መጨረሻ ላይ ያለው ትልቁ ድብድብ በባዶ እጅ ነው። ከዚያ በፊት ወንድማማቾቹ ጠብ የማያውቁትን ገበሬዎች ቡጢ ሲያስተምሩ ይቆያሉ። የሞርሞኖቹ መሪ ከመጽሐፍ ቅዱስ «ለጠብም ጊዜ አለው» የሚለውን ሲያገኝ ገበሬው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ይገባል።

ያን ድብድብ ድምፅ አጥፍተህ እየው። መጀመሪያ የምታስተውለው ካሜራው ራቅ ማለቱን ነው። ሰዎቹ ከእግር እስከ ራስ ይታያሉ። ማን ማንን እንደመታ፣ ማን የት እንደወደቀ አይጠፋህም። ሁለተኛ፣ ደም የለም። የተሰበረ ጥርስ፣ ያበጠ ዓይን በቅርብ አያሳዩህም። የወደቀው ሰው ይነሳል፣ ራሱን ያራግፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። እንደሚነሳ ስለምታውቅ ትስቃለህ። ሕመሙን ካየህ ግን ማዘን ትጀምራለህ። እናንተ ፊት በቅርብ እየቀረጻችሁ ከሆነ ሰው የሚሰቀቀው ለዚህ ነው።

ባድ ስፔንሰርን ደግሞ ለብቻው እየው። አንድ ሰው ይመጣና በሙሉ ኃይሉ ሆዱን ይመታዋል። ስፔንሰር አይንቀሳቀስም። ወደ ታች ያየዋል። ሰውየው የገዛ እጁን ያያል። እዚህ ላይ ቆጥሬአለሁ፤ እስትንፋስ የሚያህል ጊዜ ማንም ምንም አያደርግም። ከዚያ ስፔንሰር ቡጢውን ከላይ ወደ ታች፣ እንደ መዶሻ አናቱ ላይ ያወርዳል። ሰውየው ወዲያው አይወድቅም። ትንሽ ይቆማል፣ ዓይኑ ይንከራተታል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሳቁ የሚመጣው ቡጢው ሲያርፍ አይደለም። መጀመሪያ ስፔንሰር ወደ ታች ሲያይ ይመጣል፤ ሁለተኛ ሰውየው ቆሞ ሲቀር ይመጣል። የኤዲተር ሥራ እነዚያን ሁለት ዝምታዎች አለመቁረጥ ነው።

የተመታውን ሰው እናመስግን። የዚህ ፊልም የድብድብ አሠልጣኝ ጆርጆ ኡባልዲ ነው። ሪካርዶ ፒትሱቲ የሚባል ስታንትማን፣ ማለትም መውደቅና መደብደብ ሙያው የሆነ ሰው፣ ደግሞ በብዙ የሂልና የስፔንሰር ፊልሞች ውስጥ ተደብድቧል። ቡጢ የሚሸጠው በመቺው እጅ ይመስላል፤ የሚሸጠው ግን በተመቺው አንገት፣ ጉልበትና ዓይን ነው። እጁ ከፊት አጠገብ ስንዝር ርቆ ያልፋል፤ ካሜራው ክፍተቱ በማይታይበት አቅጣጫ ይቆማል፤ ራስ የሚዞረው በትክክለኛዋ ቅጽበት ነው። እንደ ዳንስ ተቆጥሮ የሚጠና ነገር ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ አጭር ፊልም ኤዲት እንዳደርግ መጣልኝ። ተዋናዮቹ ጓደኛሞች ነበሩ፤ «በእውነት ምታኝ» ተባብለው ቃሪያ ጥፊ ተቀማምሰዋል። ሰባት ጊዜ ተደጋግሞ ተቀርጿል። በሰባቱም የተመታው ልጅ ዓይኑ እንባ ያቀራል፣ ጉንጩ ይቀላል። ከመመታቱ በፊት ደግሞ ትከሻው ይሸማቀቃል፤ ሰውነቱ እየጠበቀው ነው። ምንም ብቆርጥ አላሳቀም። መጨረሻ ላይ ጥፊውን አውጥቼ ድምፁን ብቻ በሌላ ሰው ፊት ላይ አደረግኩት፤ ሰው ሳቀ። ስለዚህ እባካችሁ በእውነት አትመታቱ።

ድምፅ ካነሳን አይቀር፣ የዚያ ዘመን የጣልያን ፊልሞች ድምፅ በአብዛኛው ቀረጻ ላይ አይያዝም ነበር። ሁሉም ነገር በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የሚገባው። በጣልያንኛው ትሪኒታ የሂልን ድምፅ የሠራው ፒኖ ሎኪ ነው፣ የስፔንሰርን ደግሞ ግላውኮ ኦኖራቶ። ሁለቱም ጣልያናውያን ሆነው ሳለ በገዛ ቋንቋቸው በሌላ ሰው ድምፅ ይናገራሉ። ይህ አሠራር ለድብድብ ትልቅ ነፃነት ይሰጣል። ዳይሬክተሩ እየተቀረጸ «አሁን ዙር! አሁን ውደቅ!» ብሎ ቢጮህ ምንም አይበላሽም። ቡጢው ደግሞ ከእውነተኛ ቡጢ ጋር የማይገናኝ ድምፅ ይሰጠዋል። እውነተኛ ቡጢ ድምፁ ደካማና አስቀያሚ ነው። የእነሱ እንደ ጅራፍ ይጮኻል። ጆሮህ ያን ሲሰማ ጨዋታ መሆኑን ያውቃል፤ ያኔ ለመሳቅ ትፈቅዳለህ።

ሙዚቃውም ያግዛል። የፍራንኮ ሚካሊትሲ ነው። ፉጨቱን ያፏጨው አሌሳንድሮ አሌሳንድሮኒ ነው፣ በታዋቂው የካቦይ ፊልም ዳይሬክተር በሰርጂዮ ሊዮኔ ፊልሞች ውስጥ ያፏጨው ያው ሰው። እዚያ ፉጨቱ ሞት መጣ ይል ነበር፤ እዚህ የሰንበት ሽርሽር ይመስላል። በ2012 አሜሪካዊው ዳይሬክተር ታራንቲኖ የራሱን የጃንጎ ፊልም የዘጋው በዚሁ የትሪኒታ ዘፈን ነው።

አገሩንም ልብ በል። ሊዮኔ የስፔንን ደረቅ ምድር ይወድ ነበር። ባርቦኒ ብዙውን የቀረጸው ሮም ዙሪያ ባሉ ተራሮችና ሸለቆዎች ነው። ትሪኒታ ሁለቱን የሞርሞን ልጃገረዶች የሚያገኝበት ፏፏቴ ሞንቴ ጄላቶ ይባላል፤ ከሮም በስተሰሜን ነው። ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ፀሐዩ ደማቅ ነው። የጃንጎን ጭቃ የቀረጸ ሰው ያን ብርሃን በአጋጣሚ አልመረጠውም። እናንተ ድብድባችሁን በምሽት፣ በአንድ አምፖል የቀረጻችሁት ከሆነ አንድ ጊዜ ጠዋት ሞክሩት።

አንድ የፍጥነት ነገር ልጨምር። በ1971 በወጣው በሁለተኛው ትሪኒታ ላይ የካርታ ጨዋታ ትዕይንት አለ። ሂል አንዱን ቁማርተኛ በጥፊ ይለዋል፤ ሰውየው ሽጉጡን ሳይነካ የሂል ሽጉጥ ፊቱ ላይ ነው፤ ከዚያ ተመልሶ ሰገባው ውስጥ ነው፤ ደግሞ ጥፊ። በፊልም ዘመን ለእንደዚህ ያለ ነገር የተለመደው ዘዴ ካሜራውን በሰከንድ ከ24 ፍሬም ባነሰ ማስኬድ ነበር፤ ሲታይ ይፈጥናል። አንተ በስልክ እንደተለመደው ቅረጸውና ኤዲቲንግ ላይ የእጁን እንቅስቃሴ ብቻ በትንሹ አፍጥነው። ከአሥር በመቶ አትለፍ። ዝምታውን ግን በፍጹም አታፍጥን።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ስክሪፕታችሁን አውጡና ከድብድቡ በፊት ያለውን ገጽ እዩ። ሰዎቹ ምን ይፈልጋሉ? ምሳ? እንቅልፍ? የተበደሩትን መቶ ብር? ያን ፍላጎት ረዘም አድርጋችሁ፣ ሳትቸኩሉ ቅረጹት። ድብድቡ የሚመጣው ያ ፍላጎት ሲቋረጥ ይሁን። ከዚያ ካሜራውን ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አድርጉት። ከአራታችሁ መካከል ፊቱ በጣም ኮስታራ የሆነው ማን ነው? መቺው እሱ ይሁን። በጣም ተለማማጁና ታጋሹ ደግሞ ተመቺ። ሁለቱ አንድ ሙሉ ቀን ያለካሜራ ይለማመዱ፤ ቀስ ብለው፣ እየቆጠሩ። የሚወድቅበት ቦታ ላይ ፍራሽ አንጥፉ። ፍራሹ ፍሬም ውስጥ እንዳይገባ ማድረግ ካሜራ የያዘው ልጅ ሥራ ነው።

ሲያልቅ ድምፅ ሳታስገቡበት ላክልኝ። ጥፊዎቹን አብረን እንመርጣለን።